ነጸብራቁን አጥፊልኝ ያልከኝ ፎቶ

ውድ ወንድሜ ዮፍታሔ፣

ከሁሉ በፊት የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ ዛሬም በማርና በሎሚ ነው የምታባብለው? ሱቁስ? ሰፈሩ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ካንተ ናፍቆት በስተቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነዋ የሚጀመረው። ዘንድሮ ግን ከናፍቆትህ ይልቅ ያሳመመኝ ፎቶህ ስለሆነ እንደዚያ ብዬ አልዋሽህም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ገና «ስለዚያ ፎቶ» ስል ኔትወርክህ ይቆረጣል። ስለ እማዬ ወገብ ስናወራ ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ አይቆረጥም። በቴሌግራም ጻፍኩልህ፤ አንብበህ ዝም አልክ። ስለዚህ ይህን በወረቀት ጽፌ፣ ፖስታውን በፕላስተር ጠቅልዬ፣ እሁድ ወደ ፕሪቶሪያ ለሚበረው ለሕሩይ ሰጥቼዋለሁ። የጎረቤታችን የወይዘሮ ሙሉጌጥ ልጅ ነው፤ ታስታውሰዋለህ። በእጁ ካልሆነ እንዳይሰጥህ፣ አጠገብህ ቆሞም እስክትከፍተው እንዲጠብቅ አደራ ብዬዋለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። መስከረም አጋማሽ ላይ ያንን ፎቶ ስትልክልኝ «መሲ፣ ይቺን የመስኮት ነጸብራቅ አጥፊልኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ነው፤ ላንቺ አምስት ደቂቃ አይፈጅብሽም» ነበር ያልከኝ። አምስት ደቂቃ! ሲግናል ሰፈር በበርናባስ ፎቶ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ፀጉሬን ያሸበተው ይቺ የአምስት ደቂቃ ነገር ናት። አንተ ሱቅህ ውስጥ ቆመሃል፤ ሰው ከውጭ በመስኮቱ መስታወት በኩል አንስቶሃል። መስታወቱ ላይ መንገዱ፣ የቆመ ነጭ መኪና፣ የመብራት ምሰሶና አንድ ትልቅ ጥቁር ጥላ ሁሉም ባንተ ላይ ተጋድመዋል። ምሰሶው አፍንጫህን ለሁለት ከፍሎታል። ፎቶው ተንጋዷል። ዓይንህም ካሜራውን አያይም፤ ወደ ታች ወደ ሌላ ነገር እያየህ ትስቃለህ። በር ላይ ወጥተህ ሌላ ተነሳ ብልህ «አይ፣ መልኬ ያማረው እዚህኛው ላይ ነው» አልከኝ። ቴሌግራም እየጨመቀ ጥራቱን ስለሚገድለው በፋይል ላክልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርኩህ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ የደበዘዘውን መልሰህ ላክህ። በዚያ ላይ ሸሚዜን ነጭ አድርጊው፣ ከረባትም ጨምሪበት ትለኛለህ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት መቼም አልረሳኸውም። የሚጋቡት ልጆች ፎቶ ጎን ለጎን ሆኖ አራት እሁድ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፤ በስክሪንም ይታያል። «በዚህ ጋብቻ ላይ ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያሳውቅ» ተብሎም ይነበባል። ዘንድሮ አንባቢው አባዬ ነው። የልጄን ማስታወቂያ ሌላ ሰው አያነብልኝም ብሎ መነጽሩን ሁሉ አስቀይሯል። ሠርጉ ጥር ላይ እንዲሆን ማስታወቂያው ጥቅምት መጀመሪያ መውጣት ነበረበት። የእጮኛህ የኡርጂ ፎቶ ከመስቀል በፊት ጀምሮ ዝግጁ ነው። እኔው ራሴ ነኝ እንጦጦ ወስጄ ያነሳኋት። ራሷ የሰፋችውን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ በዚያ ነፋስ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ገና ካሜራውን ሳነሳ ብርዱን ረስታው ቀጥ ብላ ታየኛለች። ሽማግሌ ከላክን አራት ዓመት ሊሞላን ነው፤ አንድ ቀን እንኳ መቼ ነው የሚመጣው ብላ አላስጨነቀችንም። የሁለታችሁን ፎቶ ጎን ለጎን ሳደርገው ግን እሷ ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ አንተ ሰው የማይገባበት ክፍል ውስጥ የተዘጋብህ ትመስላለህ።

መጀመሪያ በእጄ ሞከርኩት። ምሰሶውን ከአፍንጫህ ላይ ሳነሳ አፍንጫህ አብሮ ሄደ። አፍንጫህን ስመልስ ጆሮህ እንደ ቀለጠ ሻማ ሆነ። ሁለት ቀን አቀርቅሬ ቅንጣት በቅንጣት ስሠራው ቆይቼ ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ፤ ሴቭ አላደረግኩትም ነበር። ጨጓራዬን ላጥከው። እማዬ በየቀኑ «የልጄን ፎቶ ምን አደረግሽው?» ትለኛለች፣ የሰረቅኳት ይመስል። ወንጌላዊ ማቲዎስም ደውለው «መሲዬ፣ የሙሽራው ፎቶ ከደቡብ አፍሪካ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ባለፈው ሳምንት በርናባስ አዲሱን ፎቶሾፕ ጫነልኝ። የመስታወት ነጸብራቅን ለይቶ የሚያነሳ ነገር አለው። ከሥሩ አንዲት መንሸራተቻ አለች፤ ወደ ቀኝ ስትጎትታት ነጸብራቁ ይጠፋና ሰውየው ጠርቶ ይቀራል፤ ወደ ግራ ስትጎትታት ሰውየው ይጠፋና ነጸብራቁ ብቻውን ይቀራል። በርናባስ ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ አለው፦ ፎቶው ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ወደ ግራ ጎትተን ማሽኑ ምን እንዳነሳ ማየት አለብን፤ የሰው ጥርስ ወይም የአንገት ሐብል አብሮ ጠርጎ እንዳይሆን። አንተ ሞኙ ይህን አታውቅም። አንድን ነገር ከፎቶ ላይ ለማጥፋት መጀመሪያ ከማንም በላይ አጥርቶ ማየት ግድ ነው። ያንን ሥራ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ መርጠህ ለገዛ እህትህ ሰጠሃት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ወደ ግራ ጎተትኳት። አንተ ጠፋህ። መንገዱ መጣ፣ ነጩ መኪና መጣ፣ ያ ጥቁር ጥላ ደግሞ ሴት ሆነ። ስልኩን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ሕፃን ታቅፋለች። ፎቶው ለምን እንደተንጋደደ ያኔ ገባኝ፤ ልጅ ታቅፎ በአንድ እጅ የሚያነሳ ሰው ስልኩን ከየት አምጥቶ ቀጥ ያደርገዋል? ሕፃኑ እጁን ወደ መስታወቱ ዘርግቷል። ዓይንህ ካሜራውን ትቶ ወዴት እንደሚያይም ገባኝ።

ጎረቤት ናት፣ ደንበኛ ናት፣ አላፊ አግዳሚ ናት እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን የሕፃኑ ራስ ላይ ያለውን ኮፍያ አየሁት። አረንጓዴ ነው፤ ሁለት ነጭ መስመር አለው፤ አረንጓዴው ክር አልቆ አናቱ በቀይ ነው ያለቀው። ባለፈው ግንቦት «ለሥራ ባልደረባዬ ልጅ ነው፤ እዚህ ሰኔና ሐምሌ ብርዱ አይቻልም» ብለህ እማዬን ያሠራሃት ኮፍያ ነው። ልኩን ስትጠይቅህ የልጁን ራስ በክር ለክተህ እስከ ሴንቲ ሜትሩ ነገርካት። ያን ቀን ወንድሜ ምን ያህል ለሰው አሳቢ ሆኗል ብዬ ኮርቼብህ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ፤ የእኔ መስከረም ከጠባ በኋላ ነው የሰማሁት።

በርናባስ ከኋላዬ መጥቶ «አለቀልሽ?» ሲለኝ ስክሪኑን አጠፋሁት። ለወንጌላዊ ማቲዎስ ፋይሉ ተበላሽቷል አልኳቸው። በሠላሳ ሰባት ዓመቴ አገልጋይ ፊት እንድዋሽ አደረግከኝ። እቤት ገብቼ እማዬ ስትጠይቀኝም ዋሸሁ። ያንተ ውሸት ለእኔ እስኪተርፈኝ ድረስ ሞልቶ ፈሷል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኡርጂ ራሷ መጣች። አያት ሰፈር ከምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ወጥታ፣ መገናኛ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በእግሯ። «የሰው ሠርግ ውስጥ የገባ አህያ የምታጠፊ ሴት አንድ መስታወት እንዴት አቃተሽ?» ብላ ሳቀችብኝና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ልነግራት አስቤ ነበር፤ ግን ፋይሉን ከፈትኩላትና እጇን ማውዙ ላይ አድርጌ፣ ወደ ግራ ጎትቺው አልኳት። እኔም ካንተ የባስኩ ፈሪ ነኝ። በአፌ ልናገረው ያልቻልኩትን እሷው በእጇ እንድታወጣው አደረግኩ፤ እስካሁን ይከነክነኛል።

አላለቀሰችም። ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መላለሰችው። አንተ ስትመጣ ልጁ ይሄዳል፤ ልጁ ሲመጣ አንተ ትሄዳለህ። በመጨረሻ መሃል ላይ አቆመችውና «ፎቶዎቹን አራት ዓመት ሙሉ ሳይ ኖሬ እንደዚህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም» አለች። ቆይታ ደግሞ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አክስት ነኝ፤ አላውቅም።

ከዚያ ነጸብራቁን ሳትነኪ እንዳለ አትሚልኝ አለችኝ። ምን ሊያደርግልሽ ብላት «ሰው ምን ቢያገኝባት ነው የተዋት እንዳይለኝ። አባቴ እንደሆነ ተከራክሮ አያውቅም፤ ወረቀቱን ግን ያሳያቸዋል» አለች። በትልቁ አተምኩላት። የእንጦጦውን የራሷን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬው ነበር፤ እሱንም አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ሄደች። አንጀቴን በላችው። እስከ ዋናው መንገድ ልሸኛት ብነሳ እጄን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

አሁን እኔን ስማኝ። ያናደደኝ ልጅ መውለድህ አይደለም። ልጅስ ደስ ይላል። ያቺ ሴት ፎቶው ለምን እንደሚነሳ ታውቃለች? ነግረሃታል? ልጅህን ታቅፋ፣ ወዲህ ዞር በል፣ ሳቅ በል እያለች፣ ለሌላ ሴት ሠርግ ማስታወቂያ አንስታሃለች እኮ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጥር ላይ መጥተህ ኡርጂን አግብተህ ምን ልታደርግ ነበር? ወይስ መምጣትህም ውሸት ነው? ላንዷ አንዱን፣ ለሌላዋ ሌላውን እየነገርክ ስንት ዓመት ልትኖር ነበር? በእኔ እጅ አንዷን አስጠፍተህ ሌላዋን ማስቀረት ፈለግክ፤ ከሁሉም የከፋብኝ ይሄ ነው።

ክፉ እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ አብሬህ ነው ያደግኩት። ፈሪ ነህ። ልጅ ሆነን ብርጭቆ ስትሰብር ስብርባሪውን አልጋ ሥር ነበር የምትደብቀው፤ ሁልጊዜ የሚወጋው ግን የእኔን እግር ነው። እማዬ ደግሞ ለምን በባዶ እግርሽ ሄድሽ ብላ የምትቆጣው እኔን ነበር።

የኡርጂ አባት ሽማግሌዎች ይዘው ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቤታችን ይመጣሉ። ወረቀቱን ይዘው ነው የሚመጡት። እማዬና አባዬ ግን የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ የሚመጡ ይመስላቸዋል። እማዬ አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች። አባዬ ጓዳ ገብቶ ማስታወቂያውን ጮክ ብሎ ይለማመዳል፤ ስምህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበርበትና እንደገና ከላይ ይጀምራል። በሩ ላይ ቆሜ ስሰማው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ። ይህ ደብዳቤ ሰኞ ይደርስሃል። እስከ ቅዳሜ አምስት ቀን አለህ። አባዬ ያንን ፎቶ ከሰው እጅ ከመቀበሉ በፊት ካንተ አፍ ይስማ። ይቆጣሃል፤ ስልኩን ሊዘጋብህም ይችላል፤ መልሰህ ደውል። እማዬ ታለቅሳለች፣ ታለቅስና ስሙ ማን ነው ትልሃለች፤ አውቃታለሁ። እኔ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንተ ግን አድሮ እስኪጠራ አትጠብቅ። ለኡርጂም ደውልላት። ባታነሳልህም ደውል። ያቺኛዋንም ቁጭ አድርገህ ንገራት።

እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ ወገቧ ትንሽ ተሽሏታል። አባዬ ሰላም ብሎሃል፤ ጠዋት ጠዋት የእንጦጦን ዳገት መውጣቱን አልተወም፤ ከእኔ ይልቅ ትንፋሽ አለው። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ልጄን አደራ፣ እንግዳ አገር ነውና ከዓይንህ አታርቀው ብላሃለች። በርናባስም ሰላም ብሎሃል፤ ምንም ስለማያውቅ የወንድምሽ ፎቶ አለቀ ወይ እያለ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ኡርጂ ሰላምታ አልላከችም።

ደብዳቤ ሲያልቅ ለቤቱ ሰው ሁሉ በየስሙ ሰላምታ ይላካል። ባንተ ቤት ያሉትን ስማቸውን ስለማላውቅ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። በገዛ እጅህ ጻፈውና አንብብላቸው፤ ቋንቋችንን የማይሰሙ ከሆነም ተርጉምላቸው።

ለ…………………………፣ እንደምን አለሽ? ጤናሽስ? መሠረት እባላለሁ፤ የዮፍታሔ ታላቅ እህት ነኝ።

ለ…………………………፣ አክስትህ ነኝ። ሴት ልጅ ከሆንሽም አክስትሽ ነኝ።

እህትህ መሠረት ዋቅጅራ
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.