ወደ ኋላ መውረድ

እንጅባራ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ፣ ብታኮርፈኝም ለምወድህ ለይኸነው፣

ጤናህ እንዴት ነው? የእህትህ የሶስና ሽሮ ተስማማህ? ስልክ ስለማታነሳ ይህችን በሚኒባሱ ረዳት ልኬልሃለሁ። ከእንጅባራ ዳንግላ ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው የቀረን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

እኔ ጉልበቴ ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ። የጉልበቴን ነገር ያነሳሁት እንዴት ተላጠ ብለህ እንድትጠይቅ ነው።

«ወይ ገመዱ ይውጣ ወይ እኔ» ብለህ የወጣህ ሰሞን ልጃችን ምሥራቅ ሥራዋን ቀጥላ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ልጅህ ለጉብኝት የሚመጡ እንግዶችን ገደል የምታወርድበትን ገመድና መታጠቂያ ሁሉ አጥባ አጥር ላይ አሰጣችው። «ልሸጠው ነው፤ አባዬ ይመለስ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አሳቢ ልጅ፣ ተመላሽ ባል፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ግን እንደ እኔ ዕድሜውን በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የጨረሰ ሰው ሳያነብ መጽሐፍ አያስወግድም። «ከመሸጥሽ በፊት እኔን አውርጂኝ» አልኳት።

ቅዳሜ ከአዘና ቁልቁል ወዳለው ጠባብ ሸለቆ ሄድን። ግድግዳው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ውሃ አለስልሶት የጋን ሆድ ይመስላል። ትሄድ ትሄድና መሬቱ ድንገት ያልቃል። ምሥራቅ ገመዱን ዛፍ ላይ አዙራ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ታች ለቀቀችው። የሥራ ባልደረባዋ ውቤ ቀድሞ ወርዶ ጫፉን ከታች ያዘልኝ። መታጠቂያውን በቀሚሴ ላይ አሰረችልኝ። ከውስጥ ሱሪ ለብሻለሁ፤ አትደንግጥ።

የሚወረደው ፊትን ወደ ድንጋዩ አዙሮ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው። ይህማ ለእኔ አዲስ አይደለም አልኩ፤ ከስንት ኃላፊ ቢሮ ጀርባዬን ሳልሰጥ ወደ ኋላ ወጥቻለሁ። ስህተቴም ከዚያው መጣ። ያን የሚያህል ድንጋይ ፊቴ ሲቆም አንገቴ በራሱ ዝቅ አለ፤ እጅ ነሳሁት። ወደ ፊት ሳጎነብስ እግሬ ከዳኝና በጉልበቴ ከድንጋዩ ጋር ተላተምኩ።

«እማ! አለቃሽ አይደለም እኮ!» ብላ ጮኸች ልጅህ።

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ወደ ኋላ ተጋደሚ! ገመዱ ላይ ተቀመጪ።»

«ባዶው ላይ?»

ውቤ ከታች፣ «እትዬ፣ ይዤዎታለሁ! እንደ ሶፋ ነው» አለ። የእነ ውቤን ሶፋ አውቀዋለሁ፤ አላጽናናኝም።

ቀና ብዬ ልጃችንን አየኋት። ቤት ውስጥ ጨው አቀብዪ ሲሏት የምትነጫነጨው ልጅ፣ ቋጠሮውን በእጇ እየዳሰሰች፣ በለሰለሰ ድምፅ «ጊዜ አለን፣ እማ» ትለኛለች። ተጋደምኩ። እግሬ ድንጋዩን ያዘ።

በመጨረሻ እሷም ወርዳ የገመዱን አንድ ጫፍ ሳበች፤ ገመዱ ተንሸራቶ እግራችን ሥር ወደቀ። «አሁንስ ብንመለስ?» አልኳት። «አይቻልም። ከዚህ ወዲያ መውጫው በታች ነው» አለችኝ። ወደ ላይ አየሁና አንተ ትዝ አልከኝ። ይኸነው፣ እውነትህን ነው፤ ያስፈራል። ይህን ከእኔ አፍ የሚሰማ ሰው አንተ ብቻ ነህ።

የቀሩትን ሁለት ገደሎች ሳላጎነብስ ወረድኩ። ከሸለቆው ወጥተን ማሳ ጋ ስንደርስ፣ «እና፣ ልሽጠው?» አለች፤ ዓይኗን ግን ከገመዱ ላይ አላነሳችም።

«አትሽጪ» አልኳት። ምን እያልኩ እንደሆነ፣ ማን ሳይመለስልኝ ሊቀር እንደሚችልም አውቄ ነው ያልኩት።

ስለዚህ ገመዱ ከቤት አልወጣም፤ አይወጣምም። ይህን ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ሌላ አዲስ ነገር የለም። በአልጋው በአንተ በኩል መጻሕፍት ደርድሬበታለሁ፤ ለማንሳት ግን ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ጊዮርጊስ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፤ መንገድ ከጀመርክ ማለቴ ነው።

ባለቤትህ
እታለማሁ