የአባባን ፊት አድምቂልኝ

ሚጡ፣

አባባ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ቤቱ ጠፍቶበት ይሆናል። ልፈልገው ወጥቻለሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ አባባ ያለበትን የእህቴን ሰርግ ፎቶ ከፍቼልሻለሁ። ሌላ የቅርብ ፎቶ የለውም፣ ይኼም ጨለማ ነው።

ሦስት የፎቶ ማስተካከያ ሞከርኩ። አንዱ ክፈይ አለኝ፣ ሁለተኛው ናላዬን አዞረው፣ ይኼኛው ይሻላል። ከጎኑ ያለውን የአጎቴን ትከሻ ላጠፋ ስል የአባባን ጆሮ አጠፋሁት፤ ወደኋላ የሚዞረውን ቀስት ስጫን ተመለሰልኝ። አንቺም ስትሳሳቺ እሱን ተጫኚ።

ፊቱን ብቻ ቆርጠሽ አድምቂው።
መጨማደዱን እንዳትነኪ፣ ሰው የሚለየው በሱ ነው።
ከሥሩ ስልኬን ጻፊና አሳትመሽ በየሱቁ ለጥፊልኝ።

በስልክ የተናገርኩሽን ተይው፣ ጨንቆኝ ነው።

ጠዋት ስትወጪ ግን በሩን አልቆለፍሽውም።
አሁን ለመለጠፍ ስትወጪ ክፍቱን ተይው። ምናልባት መንገዱ ትዝ ይለው ይሆናል።