ከወገቡ የተከፈለው ጋን

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትህትና አካሉ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ከእናትሽ እግርና ከአንድ ጋን በቀር ደህና ነን። በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ከአጠገቤ ስለማትርቅ ነው። ይህን ወረቀት የጎረቤታችን የአስያ ወንድም ሙጀሂድ ነገ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ያደርስልሻል።

ልጄ፣ ሁለታችሁም አሰልችታችሁኛል። ከመስከረም ጀምሮ የዚህ ቤት ወሬ የጠላው የጌሾ ውሃ እንዴት ይቀዝቅዝ የሚል ብቻ ሆኗል። አንቺ ከቢራ ፋብሪካሽ ትደውያለሽ፤ «እማዬ፣ የምንጭ ውሃ ስለሆነ ከጌሾው ጋር ይፍላ። ከፈላ በኋላ ግን ለብ እንዳለ አይደር፣ ተህዋስ ይራባበታል። ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው» ትያለሽ። እሷ ስልኩን ትዘጋና ወደ እኔ ትዞራለች። «የመካነ ሰላም ብርድ ታዲያ ምን ሠርቶ ይብላ? ከድኜ አሳድረዋለሁ፣ ሲነጋ በረዶ ነው።»

አንድ ቀን ልገላግል ብዬ «ልጅቷ የተማረችው ይህንኑ አይደል?» ብል፣ «መሪጌታ፣ ጓዳው ቅኔ ማኅሌት አይደለም፤ እርስዎ ድጓዎን ይያዙ» አለችኝ።

ቅዳሜ ግን ያንቺን ቃል ልትሞክር ተነሣች። ጌሾውን በትልቁ ብረት ድስት አፈላች። ትናንት ስትደውዪ «እንዳልሽው አደረግሁ፣ ጥሩ ሆነ» ብላሻለች። አንቺም ደስ ብሎሽ «እንግዲያው ለኅዳር ሚካኤል ድገሚው» አልሻት።

ጥሩ አልሆነም። ትኩሱ ወደ ጋኑ ተገለበጠ። ጋኑ ሳፋ ውስጥ የሚገባ አይደለምና ቀዝቃዛ ውሃ ከውጭ ተቸለሰበት። ያ ስንት ጊዜ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ የአያትሽ ጋን ጧ ብሎ ከወገቡ ተከፈለ፤ የያዘው ሁሉ በእናትሽ ግራ እግር ላይ ወረደ። አስያ «ያ ረቢ!» እያለች ሮጣ መጥታ ንጹሕ ውሃ ደጋግማ አፈሰሰችበት። ጤና ጣቢያ ወስደን ታሸገ፤ ይድናል ብለዋል።

እናትሽ እግሯን ትታ የምትጨነቀው ላንቺ ነው። «ለልጄ ትንፍሽ እንዳትሉ። በእኔ ምክር ተቃጠለች ብላ እንቅልፍ ታጣለች» ትላለች። ለጠየቃት ሁሉ መልሷ «ጋኑ አርጅቶ ነው» ነው።

አሁን እያነከሰች ጌሾ ትወቅጣለች። ከወይዘሮ ሐረግ ጋን ተውሳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ልታፈላ ነው። እረፊ ብላት «ልጄ ድገሚው ብላለች» ትለኛለች። የሰው ጋን፣ ያልዳነ እግር፣ የሚንተከተክ ድስት! ምን ልበላት? በጓዳ የእኔን ቃል የሚሰማ የለም፤ ያንቺን ግን ትሰማለች። ስለዚህ እሁድ ስትደውዪ ምንም እንዳልሰማሽ ሆነሽ እንዲህ በያት፦ ድስቱ ከነክዳኑ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ እስኪበርድ ወደ ሸክላ አይገልበጥ፤ የሚያነሡትም አባባና አጎቴ ስማቸው ይሁኑ። አጎትሽ ስማቸው እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቅዳሜ ድስቱ ለእንኩሮው ይፈለጋል፣ ቶሎ ይለቀቅ ብዬ ወደ ጋኑ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ውሃውንም የቸለስኩት እኔ ነኝ። አንቺ «ድስቱን» ማለትሽን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናትሽም «መሪጌታ፣ ተዉ፣ ሸክላ ነው» ብላኝ ነበር። «ልጅቷ ቶሎ ይቀዝቅዝ ብላለች» ብዬ መለስኩላት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልወጣትም። ትናንት የደብሩ ካህናት ሊጠይቋት መጥተው እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ «ጋኑ አርጅቶ ነው» አለቻቸው፤ እኔም አጎነበስኩ።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ እንጀራሽን ይባርክልሽ። ለበዓሉ ብትመጪ እሷም ትስቅ ነበር።

አባትሽ
መሪጌታ አካሉ