ለአምቡላንስ ሾፌር በሚላከው መልእክት ላይ የታማሚዋ ስምና ጎጥ እንዲካተት

ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጎሽ ሜዳ የአምቡላንስ ስምሪት ማዕከል ኃላፊ
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ የተመዘገበ ስምና አድራሻ ከጥሪ መልእክት ጋር ለሾፌር እንዲላክ፣ በልጄ ጥሪ ላይ የተጻፈውም እንዲታረም ስለመጠየቅ

አመልካች አሕመድኑር ጀብሪል የቀይ አፈር ጎጥ ነዋሪ ስሆን አቤቱታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ልጄ አሚራ ከዓረብ አገር ተመልሳ፣ ረመዳን የሚባል የሰፈራችንን ልጅ አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወ/ሮ ድንቅነሽ ስሟን፣ የባሏን ስም፣ ጎጣችንንና የመውለጃዋን ወር ከስልክ ቁጥሯ ጋር በማዕከሉ አስመዘገበችልን። ከዚህ ስልክ ከተደወለ ማን እንደሆናችሁ ኮምፒውተሩ ያውቃል ብላ አስረዳችን። አመንናት፤ የተናገረችውም ሐሰት አልነበረም።

2. ቤታችን ገደል ሥር ነው፤ ኔትወርክ የለም። ለመደወል ጋራው ላይ መውጣት ግድ ነው። ጥቅምት 20 ቀን ምጡ ሲጠናባት ስልኳን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። ምጥ ይዟታል፣ ደም ይፈሳታል እንዳልኩ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብሞክር አልያዘልኝም። ኮምፒውተሩ ያውቀናል ብዬ ወረድኩ። ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ጎድሎ ነበር።

3. ጥሪው የገባው በገበያው የኔትወርክ ማማ በኩል ስለነበር አምቡላንሱ እስከ ገበያው መጥቷል። ሾፌሩ አቶ ፈንታሁን ቢደውል ስልኩ ከእኔ ጋር ገደል ሥር ወርዷል። ገበያተኛውን ምጥ የያዛት ሴት ታውቃላችሁ ወይ ቢል፣ የየትኛው ጎጥ ብለው ጠየቁት፤ እሱም አላወቀም። እኛ መንገዱ ዳር ሳንደርስ የመኪናውን ድምፅ ሰማን፤ እየራቀ ነበር። አሚራ እዚያው ቃሬዛው ላይ አረፈች፤ ልጁም አልተረፈም።

4. አቶ ፈንታሁን ለቅሶ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የመጣለት ቁጥሩ፣ ጥሪው የገባበት የገበያው አካባቢና "ወሊድ፣ ደም መፍሰስ" የሚል ብቻ ነው። "ይዩት ጋሼ አሕመድኑር፤ ስሟ ቢኖርበት በእግሬም ቢሆን እወርድ ነበር" አለኝ። አልተቀየምኩትም።

5. የማዕከሉ የኮምፒውተር ባለሙያ አቶ አስናቀው የልጄን ምዝገባ ከፍቶ አሳየኝ። ስሟ፣ ባሏ፣ ጎጧ፣ ሁሉም አለ። የተመዘገበው መረጃ ከመልእክቱ ጋር ለሾፌሩ እንዲሄድ የሚያዘው ምርጫ ግን ፕሮግራሙ ከተጫነ ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። መክፈቱ የደቂቃ ሥራ ቢሆንም ያለ እርስዎ ትእዛዝ አልነካውም አለኝ።

ስለዚህ ምርጫው እንዲከፈት ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ እለምናለሁ። የጎረቤታችን የሐረግ መውለጃ ወር ገብቷል፤ የሚደወልላትም ከዚያው ጋራ ላይ ነው።

በተጨማሪም የልጄ ጥሪ "ደዋዩ ባለመገኘቱ ተዘግቷል" ተብሎ ተጽፏል። ስጠይቅም ኔትወርክ ካለበት መቆየት ነበረብዎ ተባልኩ። ብቆይ ኖሮ የቃሬዛውን አንድ እጀታ የሚይዝ አልነበረም። ደዋዩ ያልተገኘው ታማሚዋን ተሸክሞ ስለነበረ መሆኑ ተጽፎ እንዲታረምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አሕመድኑር ጀብሪል
የሟች አሚራ አባት