የተሟሸው ማሰሮ

ዛሪማ፣ ግንቦት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለዐዚዛ
ገዳሪፍ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? እዚህ ላይ «እኛ ደህና ነን» ተብሎ ይጻፋል፤ ሽማግሌው አያ ዐብደላ እንዳስተማሩኝ ማለት ነው። እሳቸው ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ «ከእሳቱ በቀር ደህና ነን» ብለው የሚጀምሩ ሰው ናቸው። እኔ ዘልዬዋለሁ።

ወንድሜ ኡዘይር መሞቱን በስልክ ነግረውሻል። ፈህሚያ ማሰሮውን ውሃ ሳታጠጣ ቀርታ መድኃኒቱን አበላሽታ ገደለችው ብለውሻል። ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ «እስኪ እሷን አቅርቡልኝ» አላልሽም። አልፈርድብሽም። ግን እንዴት እንደሆነ አንድ ሰው እንኳ ካላወቀልኝ መኖሩ አቅቶኛል።

የወንድሜ ኢንሱሊን ሙቀት እንደማይወድ ታውቂያለሽ። ከጎንደር የሁለት ወር ይሰጡናል፣ የእኛ ቆርቆሮ ቤት ደግሞ እንቁላል ሳይጣድ ያበስላል። ማቀዝቀዣ የለን። አምና የፊዚክስ መምህራችን ባዬ እንዲህ ብለው አስተማሩን፦ «ውሃ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች እኩል አይሮጡም። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይንቀረፈፋል። ሞቀ፣ ቀዘቀዘ የምንለው የሁሉንም ሩጫ አማካይ ነው። ፈጣኖቹ ተነው ካመለጡ የሚቀሩት ዘገምተኞቹ ናቸው፤ ያኔ ውሃው ይቀዘቅዛል።»

«እንደ ሽማግሌዎች ስብሰባ ነዋ!» አልሁ።

«እንደዚህ ክፍል ነው። አንቺ ስትወጪ ይቀዘቅዛል። ውጪ!»

ውጭ ቆሜ አሰብሁት። ትልቅ ማሰሮ ገዛሁ፣ አሸዋ ሞላሁበት፣ ትንሽ ማሰሮ ከነብልቃጡ መካከሉ ላይ ቀበርሁ፣ ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውሃ አጠጣሁት። ሸክላው ሲያልበው ውስጡ እንደ ደባርቅ ይበርዳል። ዓመት ሙሉ ሸጋ አድርጎ ሠራ። ኡዘይርማ «የእኔ ማሰሮ ለእኔ ብሎ ነው የሚያልበው» እያለ በጎረቤት ልጆች ላይ ይኩራራ ነበር።

መጋቢት ላይ ትልቁ ማሰሮ ተሰነጠቀና አዲስ ገዛን። እናትሽን ታውቂያታለሽ፤ እማማ ሐዲጃ አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ተቀምጦ ማየት አይሆንላትም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጎመን ዘር ወቅጣ፣ ውስጥና ውጭውን ቀብታ፣ እሳት ላይ አሟሸችው። «ለልጄ መድኃኒት የሚያዣ ዕቃ ምን ያደርጋል?» አለችኝ ስመለስ። ማሰሮው ያብረቀርቃል። እማዬ፣ አይቼዋለሁ። «ምነው እማማ፣ ልትድሪው ነው?» ብዬ ሳቅሁ። እየሳቅሁ አሸዋውን ሞላሁበት።

ሚያዝያ ሲገባ ኡዘይር ውሃ አልበቃው አለ። ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ይከሳል። መርፌውን አንድ ቀን እንኳ አላሳለፍሁበትም፤ ብልቃጡም ሲያዩት እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰብሰብ ብለው ችሎት ተቀመጡብኝ።

«ምን አበላሽው፣ አንቺ ቀልማዳ? ከረሜላ ነው?» አሉ አያ ዐብደላ።

«የእርስዎን ምክር ብቻ፣ በቀን ሦስቴ።»

ኡዘይር ከተኛበት ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም። በማግስቱ በጭነት ማኪና ወደ ጎንደር ስንወስደው፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሳንጨርስ እጄ ላይ ዝም አለ።

በሦስተኛው ቀን መምህር ባዬ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ወደ ጓሮ ወስጄ ማሰሮውን አሳየኋቸው። ውሃ አፈሰሱበት፤ ውሃው ሳይሰርግ ተንከባሎ ወረደ። በጣታቸው አሸት አደረጉትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሸክላው ቀዳዳ ሁሉ በዘይት ተደፍኗል። በየት በኩል ይተን? ማን ነው ያሟሸው?» አሉኝ።

«አሁን ብናቀዘቅዘው መድኃኒቱ ይመለሳል?» አልኋቸው። ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ፣ ልጁ እንደሆነ ተቀብሯል።

«አይመለስም ልጄ። የመድኃኒቱ ቅንጣት ልክ ሆኖ የሚታጠፍበት መንገድ አንድ ነው፤ የሚበላሽበት ተቆጥሮ አያልቅም። ሙቀት አንዴ ካመሰቃቀለው ያችን አንዷን መንገድ መልሶ አያገኛትም።»

ይህን ሲሉ እማማ ከኋላችን ደረሰች። ዓይኗ አብጦ ጠፍቷል። «ምን አገኛችሁ?» አለች።

ያ ሁሉ ሰው የሚረግመው ምላሴ ቀደመኝ። «ውሃ ማጠጣት ረስቼ ነው እማማ። አሸዋው ደርቆ ነው።»

መምህር ባዬ አዩኝ። ከዚያ መሬት መሬቱን አዩ። ሌላውማ ለማመን አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ አያ ዐብደላ ወዲያው ነው ስልካቸውን ያወጡት።

አሁን እማማ ከእጄ ውሃ አትቀበልም። «ከፊቴ ጥፊ» ትለኛለች። እጠፋለሁ። እኔን መጥላቱ ነው በእግሯ ያቆማት፤ ይህን ከወሰድሁባት ምን ይይዛታል? አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እችለዋለሁ ብዬ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልቻልሁም። ውሸቱም ሙሉ ውሸት አይደለም። ትምህርቱን የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ አይቼ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን ሹፌሩ ሐብተ ማርያም በእጅሽ ይሰጥሻል። አንብበሽ ቅደጂው። አላህ የኡዘይርን ቀብር ያብርድለት፣ አንቺንም ከገዳሪፍ ሐሩር ይጠብቅልኝ።

ስትመጪ በሰው ፊት ተቆጪኝ፣ እማማ እንድትሰማ ጮክ ብለሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልመልስም፤ አያ ዐብደላ ይገረማሉ። ብቻ እየተቆጣሽኝ በሻርፕሽ ሥር እጄን ያዥው።

ልጅሽ ፈህሚያ