የፈየራ እግርና የዳገቱ መንገድ

ለውድ ወንድሜ ለቢራ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ያምህ የነበረው ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? እናንተ አገር በሰኔም ይበርዳል ወይስ ፀሐይ ወጣችላችሁ? ሥራስ እንዴት ነው፤ ያ የሚያመናጭቅህ አለቃህ ሄደልህ? እማዬ "ከስቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ፣ በስልኩ ሳየው ፊቱ ጠቦብኛል" ብላኛለች። እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ከጥቅምት ጀምሮ በስልክ ደህና ነን እያልኩ ስዋሽህ ስለከረምኩ በወረቀት ደግሞ ልዋሽህ አልፈለግሁም።

ለምን ደውለሽ አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። የኮዬ ፈጬ ቤታችን ባለ አንድ መኝታ መሆኑን ታውቃለህ፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። የምነግርህ ነገር እዚሁ ቤት ውስጥ ስላሉ ሰዎች ስለሆነ እነሱ እየሰሙ ማውራት አልቻልኩም። ይህን የምጽፍልህ ፋብሪካ ውስጥ ሆኜ ነው፣ በምሳ ሰዓት፣ ሦስት ቀን ሙሉ እየቆራረጥኩ።

ባለፈው መስከረም ለወንድማችን ለፈየራ የላክህለትን ፎቶ ታስታውሳለህ። በጀርመንና በቼክ ድንበር ላይ ያለው ጫካ፣ ዳገቱ፣ አንተ ወፍራም ጎማ ባለው ብስክሌት ጠጠሩን እየረገጥክ ስትወርድ። "እዚህ በየዛፉ ላይ ጥብጣብ ያስራሉ፤ ብስክሌተኛው እሱን እያየ ሲሄድ ድንበሩን መሻገሩን እንኳ አያውቅም። ገበሬው ወተትና ዳቦ ይሸጥለታል። ከአጎታችን ዳገት የሚበልጥ ግን የትም አላየሁም" ብለህ ጻፍክለት። ፈየራ መልእክትህን እንደ ዳዊት ደገመው።

በዚያው ሰሞን ዘካሪያስ የሚባል ሰው አገኘ። ዘካሪያስ የጉዞ ድርጅት አለው፤ የውጭ ሰዎችንና የከተማ ልጆችን በብስክሌት ወደ ገጠር እያወጣ ያዝናናል። መንገድ የሚያጠናለት ሰው ሲፈልግ ፈየራን ቀጠረው። ጂፒኤስ የሚሉትን መንገድ የሚመዘግብ መሣሪያና አንድ ካርቶን ቀይ ጥብጣብ ሰጠው። የወንድምህን የዚያን ወር ደስታ ብታይ። መንገዱን ከአቃቂ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አስነሣው፣ በእኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ አሳለፈው፣ ከዚያ የከተማውን ወሰን አራት ጊዜ እየወጣና እየገባ ወደ ጥዱና ወደ ባሕር ዛፉ አወጣው። ጥቁሩ አፈር ጎማ ይውጣል ብሎ ጠጠር ያለበትን ጥርጊያ ብቻ መረጠ። የሰው አውድማ እንዳይረገጥ ዞረ። ሴቶች ከሚቀዱበት ምንጭ ለመራቅ ብሎ ሁለት ዳገት ጨመረ። ሦስት ጊዜ ወድቆ ክርኑ ተልጦ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ እየሳቀ።

ያላሰበው የጥብጣቡን ቀለም ነው። ነፍሱን ይማረውና በአባታችን መሬት ላይ ኮንዶሚኒየሙ ከመቆሙ በፊት ምን እንደመጣ አንተም ታውቃለህ። መጀመሪያ የመለኪያ መሣሪያ የያዘ ሰው መጣ። ቀጥሎ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል፣ ቀጥሎ ዶዘር። ዳገቱ ላይ ያሉት ዘመዶቻችን ሁሉንም ከላይ ሆነው አይተዋል፤ ስንነሣ እህል አዋጥተው ያበሉን እነሱ ናቸው። አሁን ደግሞ የገዛ ልጃቸው መሣሪያ አንግቶ በየዛፋቸው ላይ ቀይ ሲያስር አዩ። ለብስክሌት ነው ብሎ ነግሯቸዋል። ግን ሰው ለመዝናናት ብሎ ዳገት ይወጣል ቢባል ማን ያምናል?

አጎታችን ጉተማ ደወሉልኝ። ቅዳሜ ነበር፣ ማሽኔ ተበላሽቶ ተቆጣጣሪው ሲጮህብኝ የዋለበት ቀን። "ልጄ ጠጄ፣ ወንድምሽ እዚህ የሚሠራው ምንድን ነው? ሰው ብዙ ያወራል። አንቺ አትዋሺኝም፣ እውነቱን ንገሪኝ" አሉኝ። "እኔ አላውቅም፣ ራሱን ይጠይቁት" ብዬ ዘጋሁባቸው። አውቅ ነበር፣ ቢራ። ጥብጣቡን በልክ በልክ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ደቂቃ ብቆም ይበቃ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ስድስት ሆነው ጫካው አፋፍ ላይ ጠበቁት። አንዱ አብሮት ከብት የጠበቀው የአጎታችን ልጅ ነው። ፈየራ ሲያያቸው ከብስክሌቱ ወርዶ እንደምን ዋላችሁ አለ። ብስክሌቱን በድንጋይ ቀጠቀጡት፣ እሱን መሬት ላይ አጋደሙት። አጎታችን በትር አላነሡም፤ ቆመው ያዩ ነበር። አንደኛው ክንዱን ሊመታ ሲል "እጁን ተዉለት፣ ይብላበት። እግሩን ነው" አሉ። ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ሰበሩት። ይህን የነገረኝ ራሱ ፈየራ ነው፤ ሲነግረኝ በማያውቀው ሰው ላይ የደረሰ ነገር የሚያወራ ይመስል ነበር።

ሐኪም ቤት ብረት ገባለት፤ ቁስሉ አመርቅዞ እንደገና ተከፈተ። አሁን የግራ እግሩ ከቀኙ ሦስት ጣት ያጥራል። ዘካሪያስ አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ መጣ። ፈየራ ስለ ሕክምናው ሊያነሣልኝ ነው ብሎ ከትራሱ ቀና አለ። ዘካሪያስ ግን "ጂፒኤሱ አልተሰበረም አይደል? መንገዱ ያለው እሱ ውስጥ ነው" አለና መሣሪያውን ተቀብሎ ወጣ። እማዬ ብርቱካኑን አጠገባችን ላለው በሽተኛ ሰጠችው።

በኅዳር ወር አርባ ብስክሌተኛ በፈየራ መንገድ አለፈ። አንተ እንዳልከው ሆነ፤ ገበሬው ወተት ሸጠ። አጎታችንም ደጃፋቸው ላይ ቆሎ ሸጡ፣ ከፈረንጆቹ ጋር ቆመው ፎቶ ተነሡ። ዘካሪያስ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ ፈየራ አልጋው ላይ ተጋድሞ አየው። አጎታችን ያን ቀን መሬታቸውን ማንም እንዳልፈለገ ገብቷቸዋል። እንግዲህ ሽማግሌ ይልካሉ ብለን ጠበቅን። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ማንም ደጃችንን አልረገጠም። በኋላ እንደሰማነው "በምን ፊቴ ልሂድ" ብለው ነው። ኀፍረታቸው ከፈየራ እግር ከበደባቸው።

በየካቲት አንድ የጠጠር ማምረቻ ድርጅት ዳገቱን ሊያጠና መጣ። አገሩን የሚያውቅ ሰው እንደሚፈልጉ ሲሰማ ፈየራ በክራንቹ ሄዶ ተቀጠረ። እማዬ እግሩ ላይ ወደቀች። "የወንድሜ ቤት ነው" አለችው። "ያልሆንኩትን ነህ ብለው ሰበሩኝ፤ አሁን ሆኜላቸዋለሁ" አላት። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ያሰቡት ከኋላ ያለውን ባዶ ገደል ነበር። በአጎታችን ማሳ በኩል ያለው ድንጋይ እንደሚሻል፣ መኪናም በቀላሉ እንደሚደርስበት ያሳያቸው ፈየራ ነው። ችካሉን በገዛ እጁ ተከለው። አጎታችን ከአጥራቸው ሥር ሆነው አዩት።

በመጋቢት ወደ እኛ መጡ። ከዳገቱ ኮዬ ድረስ በእግራቸው፣ ከዚያ ደረጃውን እያረፉ አራተኛ ፎቅ ድረስ። ፈየራ ፊት ተንበረከኩ። "ቤቱን ውሰዱት፣ ማሳውንም ውሰዱት። ሁለቱን ወይራዎች ብቻ አስተርፍልኝ። ክርስትና ሳይነሡ የሞቱብኝ ልጆቼ የተቀበሩት ከእነሱ ሥር ነው" አሉት። ፈየራ ዓይናቸውን እያየ "እኔ ቅጥር ነኝ፣ መሐንዲሱን ያነጋግሩ" አላቸው። መሐንዲሱ ችካሉን እንደፈለገ እንዲያዞር ለፈየራ እንደተወለት እሱም እኔም አጎታችንም እናውቅ ነበር። ላስነሣቸው እጄን ስዘረጋ እጄን ሳይሆን የወንበሩን ጫፍ ያዙ። "ያን ቅዳሜ ብትነግሪኝ ኖሮ" አሉኝ፤ አልጨረሱትም።

ፈየራ ችካሉን አላነቃነቀውም። በሚያዝያ ዶዘሩ ወጣ፣ ወይራዎቹ በአንድ ቀን ተነቀሉ። የዶዘሩ ሰዎች ለአጎታችን የማዳበሪያ ጆንያ ሰጥተዋቸው አፈሩ ውስጥ የልጆቻቸውን አፅም ሲፈልጉ ዋሉ። ያገኙት ነገር ይኑር አይኑር አልነገሩንም። ልጃቸው ከዚያ በፊት ወደ ጅማ ሄዶ ቀርቷል፤ የሚጠጉበት አልነበራቸውም። እማዬ ማንንም ሳታማክር ነጠላዋን ደርባ ወጣችና ይዛቸው መጣች።

አሁን ሳሎን ውስጥ ይተኛሉ። ፈየራም የሚተኛው እዚያው ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጠረጴዛው ብቻ ነው። እማዬ ለሁለቱም በአንድ ትሪ ታቀርባለች። ለየብቻ ላቅርብ ብላት "እኔ ስሞት ታቀርቢያለሽ" አለችኝ። አጎታችን ወጡን ወደ ፈየራ በኩል ይገፋሉ፤ ፈየራ የተገፋለትን ሳይነካ በልቶ ይነሣል። ዳገቱ ላይ ድንጋዩ በባሩድ ሲፈነዳ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ያኔ ሁለቱም ቀና ይላሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ ትሪው ይመለሳሉ። ከሚያዝያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

አንተን ልወቅስህ አይደለም ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ጫካህን ለወንድምህ ስታሳየው እኛ ዘንድ ቀይ ጨርቅ ምን ማለት እንደሆነ ረስተህ ነበር። አንተም ከዚያው መሬት ነው የተነቀልከው፣ መርሳት አልነበረብህም። እኔ ባለመናገሬ በደልኩ፣ አንተ በመርሳትህ። ለበጋው አዲስ ብስክሌት እልክለታለሁ ያልከውን ተወው። የሚረግጥበት እግር የለውም፤ መንገዱም የለም፣ ገልባጭ መኪና ነው የሚመላለስበት። ፎቶም አትላክለት። አንተ የላክኸውን ሁሉ ያያል።

እማዬ ሁለት ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ካፖርትህን ሳትቆልፍ እንዳትወጣ ብላለች። የፎቅ ጎረቤታችን ፍቅርተማርያም በደህና ወልዳለች፣ ሰላም ትልሃለች። አጎታችን ጉተማ ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ስነግራቸው "ስለ እኔ ምንም አትጻፊበት፣ ሰላም ብቻ በይው" ብለውኛል፤ ይኸው ሰላምታቸው። ፈየራን ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅሁት። "መንገዱ ቆንጆ ነበር በይው" አለኝ።

እህትህ ጠጄ

አቃቂ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.