የጋሪው ጥፋት አልነበረም፣ እማዬ

ለውዷ እናቴ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ነገር መቃብርሽ ላይ ቆሜ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ አባዬ አጠገቤ ስለነበር ሳልነግርሽ ተመለስኩ። መጻፉ ይሻለኛል። አንቺም መሠረተ ትምህርት ተምረሽ ማንበብ ከቻልሽ ወዲህ ከተነገረሽ ይልቅ የተጻፈውን ነበር የምታምኚው።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራሽ። ጓሮ ከተከልሻቸው እንሰቶች ሁለቱ ደርሰው የሰፈር ሴቶች መጥተው ፋቁልን። እኔም ልፋቅ ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ እጄን አይተው ውኃ አመላላሽ አደረጉኝ። አባዬ ያንቺን ጋቢ ለብሶ ይውላል። የራሱስ ሲሉት ታጥቦ አልደረቀም ይላል፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ አልደረቀም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከእኔ በፊት ሁለት፣ ከእኔ በኋላ ሁለት ፅንስ ጨንግፎብሻል። ለአራቱም ምክንያት ነበረሽ። የመጀመሪያው አባዬ ከሌሞ ወደ ሆሳዕና ገበያ በፈረስ ጋሪው ስለወሰደሽ፣ ሁለተኛው ገብስ ተሸክመሽ ወፍጮ ቤት ስለሄድሽ፣ ሦስተኛው ለቅሶ ቤት ስለገባሽ፣ አራተኛው ደግሞ ከጎረቤት ተጣልተሽ ስለተናደድሽ ነው። ከሁሉም የከበደሽ ጋሪው ነበር። አባዬ በወሩ ፈረሱንም ጋሪውንም ሸጦ ጥበቃ ተቀጠረ፤ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የፈረስ ስም ተነስቶ አያውቅም።

ተመስገንን አግብቼ ሳረግዝ እነዚያ አራት ምክንያቶች አራት ክልከላ ሆነው ወረዱብኝ። ባጃጅ ጋሪ አይደለም ብልሽ የጋሪ ዘመድ ነው አልሽኝ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ጠዋት ስለ ክሮሞዞም አስተምሬ፣ ከሰዓት በእግሬ ጭቃውን እያቦካሁ ቤቴ እገባ ነበር። ተማሪዎቼ በባጃጅ እያለፉ ይረጩኝ ነበር። እወድሽ ስለነበር ነው እንጂ አምኜሽ አልነበረም፤ ወይም ትንሽ አምኜሽ ነበር መሰለኝ።

ሁሉንም ጠብቄ ሦስት ጊዜ ጨነገፈብኝ። በሦስተኛው አንቺ ታመሽ ተኝተሽ ነበር። እጄን ይዘሽ፣ የኔ ጦስ ነው ላንቺ የተረፈሽ አልሽኝ። ዝም አልኩ። በሳምንቱ ሞትሽ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካንቺ ሞት በኋላ ከተመስገን ጋር አዲስ አበባ ሄደን ተመረመርን። ደሜ ውስጥ ሁለት ክሮሞዞሞች ቁራጫቸውን ተለዋውጠው ተገኙ። እንዲህ አስቢው፤ ሁለት ጥንድ ጫማ ግራቸው ተቀያይሮ አንድ ቤት ቢቀመጥ ከቤቱ የጎደለ ጫማ የለም። አንዱን ጥንድ አንስተሽ ለልጅሽ ስትሰጪ ነው ችግሩ የሚወጣው። እኔም የጎደለብኝ ስለሌለ ጤነኛ ነኝ፤ ለልጅ ሳካፍል ግን አንዱ ይበዛል ሌላው ያንሳል፤ እንዲህ ያለው ፅንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጸናም።

ከማን እንደመጣ ለማወቅ አባዬም አዲስ አበባ ሄዶ ደም ሰጠ። የእሱ ምንም የለበትም። አንቺም አራት ጊዜ ጨንግፎብሻልና ካንቺ ነው የመጣው፣ እማዬ። ብዕሬ የከበደኝ እዚህ ላይ ነው፤ ጦስ ያልሽው እውነት ሆነ ብለሽ እንዳታዝኚ ፈራሁ። ግን አባዬ የጠየቀውን ስሚ። የመረመረችን ዶክተር አስረድታ ስትጨርስ ባርኔጣውን አወለቀና፣ «ያን ቀን በጋሪ ባልጭናት ኖሮስ?» አላት።

«ባይጭኗትም ያው ነበር፣ አባባ» አለችው። «ጋሪው ላይ ሳትወጣ በፊት የተፈጠረ ነገር ነው።»

ስንመለስ ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና ስለ ፈረሱ ሲያወራልኝ መጣ። ዳማ ነበር አሉ፤ ዳገት ላይ ካልዘፈኑለት አይራመድም። አባዬ ሲዘፍን መገመት አቅቶኝ ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ቤት ስንገባ ግን አንቺ ይህን ሳትሰሚ መሞትሽ ትዝ ብሎት አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ ሕክምናውን ጀመርን። ከእኔ እንቁላል ወሰዱ፣ ከተመስገን ዘር ጋር ላብራቶሪ ውስጥ አገናኙት፤ አምስት ፅንሶች አምስተኛ ቀናቸውን አዩ። ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ሴል ወስደው ለምርመራ ውጭ አገር ላኩ፤ ፅንሶቹ በቅዝቃዜ ተቀምጠው ጠበቁን። ይጎዱ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። የሚወሰደው የእንግዴ ልጅ ከሚሆነው ክፍል ነው፣ ስጋቱም ትንሽ ነው አለችኝ ዶክተሯ። ሰፈር ቢሰማ መልክ መርጣ አረገዘች ይለኝ ነበር። መልክ የሚመርጥ የለም፤ የሚታየው የጎደለና የበዛ መኖሩ ብቻ ነው። አራቱ ጎድሎባቸው ወይም በዝቶባቸው ተገኙ። አንዱ ሙሉ ነበር። ሙሉም ሆኖ ላይጸና ይችላል ብላ አስጠንቅቃን ማኅፀኔ ውስጥ አስገባችው።

ጸና። አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አባዬ ይህን ሲሰማ ያደረገውን ብታዪ፣ ማንንም ሳያማክር ለእርግዝናዬ የምጠጣው አጃ ከአንጋጫ አስመጣ። እንዳንቺ አልከለከለኝም፤ ቀስ በይ ብቻ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ምርመራው አልነገረንም። ልጁ እንደ ተመስገን የሌለበት ይሁን እንደ እኔና እንዳንቺ ያ መለዋወጥ ያለበት ይሁን፣ እኛ ያሠራነው ምርመራ አይለይም። ጤንነቱ ያው ነው፤ አድጎ ልጅ ሲፈልግ ግን እኛ ያለፍንበትን ሊያልፍበት ይችላል። አንድ ቀን መጥቶ፣ ይህ ከማን መጣብኝ ቢለኝ፣ ከእኔ፣ ከአያትህም ብዬ እነግረዋለሁ፤ ሴት ከሆነችም እንደዚያው። አልደብቅም።

ያን ቀን እንደ አንቺ ምክንያት ፍለጋ ልቤ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። የት ሄድኩ፣ ምን ተሸከምኩ፣ ማንን አስቀየምኩ እላለሁ፤ ልጅሽ ነኝና። ስለዚህ አልረሳሽም የምልሽ ስምሽን ብቻ አይደለም፤ ምክንያት ስትፈልጊ መኖርሽንም ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ይህን በአልጋሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ ልነግርሽ ሲገባኝ ዝም አልኩ፤ ለልጄ ግን ጥፋቱ የማንም አይደለም ብዬ ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ።

ልጅሽ